የሆርሞን መድኃኒት፦ ከወንድ ወደ ሴት በሚደረግ የጾታ ሽግግር ያለው አገልግሎት፣ ጉዳቱና የሐኪም ክትትል

ሆርሞን ከሰውነት ዕጢዎች የሚመነጭ፣ በደም አማካይነት ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች ደርሶ ሥራቸውን የሚመራ ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ቢሆንም የሚያስከትለው ለውጥ ከፍተኛ ነው። በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ ለወተት ላም የሚያረቡ ነዋሪዎች ይህን ከከብቶቻቸው ሊረዱት ይችላሉ። ላሞች በተቀራረበ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉና በሰው ሠራሽ ዘዴ እንዲዳቀሉ ለማድረግ ፕሮስታግላንዲን የተባለ የሆርሞን ባሕርይ ያለው መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ላሚቱ አለመፀነሷ መረጋገጥ አለበት፤ መድኃኒቱ የፀነሰችን ላም ሊያስወርዳት ይችላልና። ምርመራው ከመድኃኒቱ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሰው የሚሰጡ የሆርሞን መድኃኒቶችም በዚሁ ሥርዓት የሚመሩ ናቸው። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጠው ኢንሱሊን፣ ለእንቅርት ዕጢ ድክመት የሚታዘዘው እንክብልና የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። ከወንድ ወደ ሴት በሚደረግ የጾታ ሽግግር የሚታዘዙትም የተለየ ቅመም ያላቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹ ለሌሎች ሕመሞች ጭምር የሚያገለግሉ ናቸው።

ይህ ሕክምና በዓለም በስፋት የታወቀው አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ጆርገንሰን በዴንማርክ የሆርሞንና የቀዶ ሕክምና ማድረጓ እ.ኤ.አ. በ1952 በጋዜጦች ከተሰማ በኋላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውንና በ2022 ሥራ ላይ የዋለውን የበሽታዎች ምደባ ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው በውስጡ የሚሰማው ጾታ ከተወለደበት ጾታ ጋር አለመጣጣሙን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር በተያያዙ ጉዳዮች ሥር አድርጎታል።

ሕክምናው በአብዛኛው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ኢስትራዲዮል የተባለው ኢስትሮጅን ሲሆን በእንክብል፣ በመርፌ፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መልክ ይሰጣል። ሁለተኛው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ ወይም ሥራውን የሚገታ መድኃኒት ነው፤ ስፓይሮኖላክቶንና ሳይፕሮቴሮን ለዚህ ያገለግላሉ።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። የቆዳ መለስለስ፣ የሰውነት ስብ አቀማመጥ መለወጥና የጡት ማደግ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። የጡት ዕድገት የመጨረሻ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። የፊት ፀጉር ዕድገቱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በጉርምስና የጎረነነ ድምፅ በመድኃኒቱ አይቀጥንም፤ የአጥንት ቁመትም አይለወጥም። መጠን መጨመር እነዚህን ለውጦች አያፋጥንም፤ የሚጨምረው ጉዳቱን ነው።

መድኃኒቱ ሲቋረጥ አንዳንዱ ለውጥ ይመለሳል፤ ያደገ ጡት ግን በራሱ አይጠፋም። የዘር ፍሬ የማምረት አቅም ይቀንሳል፤ መልሶ ላይመጣም ይችላል። በዚህ ምክንያት ልጅ የመውለድ ጉዳይ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገሪያ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የሚሰጠው ሕክምና በብዙ አገሮች አከራካሪ ነው፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ ዓላማ ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ለአዳዲስ ታካሚ ልጆች እንዳይታዘዙ ከልክላለች።

ከጉዳቶቹ ሁሉ አስጊው የደም መርጋት ነው። በእግር ደም ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋል። ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ቀደም ሲል የደረሰ የደም መርጋት አደጋውን ያባብሱታል። ስፓይሮኖላክቶን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመና ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ የልብ ምት እስከማዛባት ይደርሳል። ሳይፕሮቴሮን ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕክምናውን ከማስጀመሩ በፊት የታካሚውንና የቤተሰቡን የጤና ታሪክ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ ገደማ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሆርሞን መጠንን ጨምሮ ደም ያስመረምራል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን በዚህ ሕክምና ምትክ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። በብዙዎቹ እንክብሎች የሚገኘው ኤቲኒል ኢስትራዲዮል ደም የማርጋት ጠባዩ ከኢስትራዲዮል የከፋ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ደግሞ ኢስትሮጅን የለውም፤ የታሰበውን ለውጥ አያመጣም።

ጉዳዩ ሽግግር ለማያስቡ ሰዎችም ይጠቅማል። ስፓይሮኖላክቶን ለልብ ድካምና በጉበት ሕመም ምክንያት ሆድ ውስጥ ለሚጠራቀም ውኃ ይታዘዛል። መድኃኒቱን የሚወስድ ወንድ ጡቱ ቢያብጥ ወይም ቢያመው የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ነውር አይደለም። ታካሚው አፍሮ ሳይደብቅ፣ በራሱም ሥልጣን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም በሌላ ሊተካው ይችላልና።

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ቁጥጥር የሚመራው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሐኪም ትእዛዝ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ከጎረቤት ተውሶ ወይም ከማይታወቅ ሻጭ ገዝቶ መውሰድ፣ የመድኃኒቱን ምንነትም ሆነ መጠን ሳያውቁ ወደ ሰውነት ማስገባት ነው።

ማንኛውንም ሆርሞን በማንኛውም ምክንያት የሚወስድ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ቢያብጥና ቢያመው፣ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ውጋት ቢሰማው፣ ደም ቢያስል፣ የአካሉ አንድ ወገን ቢዝል ወይም ንግግሩ ቢተሳሰር ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። እዚያም የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ትእዛዝ የወሰደውንም ጭምር፣ ሳይሸሽግ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የሐኪሙ የሙያ ግዴታ ነው፤ በዚያ ሰዓት የተደበቀ መድኃኒት ግን የሕይወት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።