ከሉማሜ አዲስ አበባ፦ ወጪውን ማን ቻለው?

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ግቢ ሲመረቅ፣ ጎጃም የራሱ ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም። ዲግሪ የፈለገ የሉማሜ ልጅ በደጀን አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት።

ታዲያ ያ ውድ ከተማ በባዶ ኪስ እንዴት ተቻለ? ስንቁ ከቤት ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሆቴል አይታሰብም፤ የአገር ልጅ ቤት ይጠየቃል። ግቢ እስኪገባም፣ ለክረምት ሲወጣም መጠጊያው ያው ቤት ነው። ባለቤቱ ራሱ ኪራይ ከፋይ ነው፤ እንግዳው ግን ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሲጀመር፣ ተማሪው ለምግብና ለመኝታ የሚከፍለው በውል ተጻፈ። የአገር ልጅ ያወጣው ግን የትም አልተመዘገበም፤ ማንም ክፈሉኝ ብሎ አልጠየቀማ!

በ1999 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ለሉማሜ ልጅ መንገዱ አጠረ። አሁን ከሩቅ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ እንግዳ የሚሆነው ሌላው ተማሪ ነው። ይህ መጽሐፍ የምሩቃንን ስም ይዟል፤ ያሳደሯችሁን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ላኩልን፣ የሚቀጥለው እነሱንም ይያዝ።