የከባድ መኪና ሾፌር ቁም ስቅል

ስለ ከባድ መኪና ሾፌር ሲወራ ሰው ገደሉንና ግጭቱን ያስቀድማል። እኔ በረዳትነት ጀምሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጉልበቴን የጨረሰው ግን መቆም ነው። መኪናው ተሻሻለ፣ መንገዱም ተሻሻለ፤ መቆሙ ቦታውን እየቀያየረ አብሮን ኖረ።

እኔ የሠራሁበትን የአሰብ ወደብ መንገድ ለመኪና ያበጀው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም. አገር ሲይዝ ስንቅና ጥይት ከባሕር የሚያወጣበት መስመር ፈለገ፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ በአፋር በረሃ እስከ አሰብ ዘረጋ፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ተራራውን በስቶ ዋሻ ሠራ። በአምስት ዓመቱ ሲባረር መንገዱ ለእኛ ቀረ። በኋላ ፊያቱም መጣ።

እኔ ረዳት ሆኜ የተሳፈርኩት ኤንትሬ በምንላት በፊያት 682 ላይ ነበር። መሪዋ በቀኝ ነው። ጣሊያኖቹ ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ እያየ በተራራ እንዲነዳ ብለው ነው ይባላል። አገራችን ግን በ1956 ዓ.ም. በቀኝ መስመር መንዳት ስለጀመረች፣ ሾፌሩ ፊቱ ያለውን መኪና መቅደም ሲያምረው ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም። የሚያይለት ረዳቱ ነው። በግራ መስኮት አንገቴን አውጥቼ «ጋሼ፣ ይለፉ!» ወይም «ይቆዩ! ይቆዩ!» እላለሁ። የሁለታችንም ነፍስ በአንድ ጎረምሳ አፍ ላይ ነበረች።

ሌላው ሥራዬ ታኮ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር የሚያወጣው ዳገት ጭነት የያዘችን ኤንትሬ በአንደኛ ማርሽ ነው የሚያስኬዳት። ውሃ ስታፈላ ወይም ማርሽ አልገባ ሲላት ታኮውን አቅፌ እዘላለሁ። የኋላ ጎማው ሳይንሸራተት ሥሩ መወተፍ አለብኝ፤ ጎማውን እያየሁ፣ ጣቴን እየሰበሰብኩ፣ የሾፌሩን ስድብ እየሰማሁ። ትናንት በረሃውን በከናቴራ ያቋረጠ ረዳት ዛሬ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ጭጋግ ውስጥ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ካፖርት የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ጎማ በረሃ ላይ ሲፈነዳ፣ ጊዜ ካለን ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቃለን፤ በቀን ብረቱ እጅ ይልጣል። ሎግያ ጎሚስታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጎሚስታው ረዳቱ ነው። ካላማዳሪው ተለጥፎ ሲያልቅ የምንፈራው ጎማውን የሚይዘውን የብረት ቀለበት ነበር። ቸርኬው ላይ በደንብ ሳይገጥም ነፋስ ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎማውን በሰንሰለት ጠፍረን፣ ፊታችንን አዙረን ነበር የምንነፋው።

አሰብ ሲደረስ ደግሞ ተራ አለ። በደርግ ጊዜ ጭነት በድልድል ስለነበር ስምህ ካልተጠራ የትም አትሄድም። መርከብ ይዘገያል፣ ክሬን ይበላሻል፣ ወረቀት የሚፈርመው ሰው ይጠፋል። ሰሌን አንጥፈን ተሳቢው ሥር እንተኛለን፤ ጥላው ሲሄድ እኛም አብረን እንንከባለላለን። አበል ሲያልቅ ከሻይ ቤት በዱቤ መብላት ይመጣል። ሾፌር ሲመለስ ባዶ ኪሱን ነው የሚባለው በመጠጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ እህል ጭነን ወደ ወሎ ስንወጣ ባቲ ላይ በተራቡት ሰዎች መጠለያ አጠገብ እናልፍ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ወረፋ ማማረር ነውር ሆነብን። ከዚያ በላይ ስለዚያ ዓመት ማውራት አልወድም።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ ነገር አበቃ። የምናውቀው ሻይ ቤት፣ ዱቤ የሚሰጠን ሰው፣ የምንተኛበት ጥላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀረ። መኪናው ሁሉ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውም በዚያው ሆነ። እዚያ እንግዳ ነህ። ብርህን በፍራንክ ትቀይራለህ፣ የማታነበው የፈረንሳይኛ ወረቀት ይሰጥሃል፣ ፒኬ 12 በሚሉት የመኪና ማቆሚያ አቧራና ሙቀት ውስጥ ትራንዚተሩን ትጠብቃለህ። ስትመለስ ጋላፊ ወረፋ፣ ሚሌ ኬላ ፍተሻ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ እንደገና ወረፋ።

እኔ በመጨረሻ ቦቴ ነበር የያዝኩት። የቦቴ ሾፌር ጣጣው ጉድለት ይባላል። ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ጅቡቲ በዚያ ሙቀት 40,000 ሊትር ተለክቶልህ፣ ደጋ ስትደርስ የነዳጁ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢወርድ ከ600 ሊትር በላይ ሳይፈስ ሳይሰረቅ ይጎድላል። የሙቀቱ ልዩነት በሒሳብ ከተያዘ ችግር የለም። ካልተያዘ ግን ሌባው ሾፌሩ ነው። አንድ ጊዜ የጎደለውን ከደመወዜ እየቆረጡ አስከፍለውኛል፤ የሒሳብ ሹሙ ቢሮ ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ «ነዳጅ ይኮማተራል ስትል አታፍርም?» አለኝ። ይህን ፊዚክስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብቶ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን የእህቴ ልጅ በዚያው መስመር ይነዳል። ሲኖትራክ ነው፣ ሰው «ቀይ ሽብር» የሚለው። ታኮ ይዞ የሚዘል ረዳት አያስፈልገውም፣ መሪውም በግራ ነው። በ2009 የተመረቀው ባቡር ሥራችሁን ይወስዳል ተብሎ ነበር፤ ወረፋው ግን አልቀነሰለትም። መኪናው ላይ ጂፒኤስ ስለተገጠመ ጋላፊ ላይ ሰልፍ ይዞ ሲቆም ባለ ንብረቱ ከአዲስ አበባ ይደውላል።

«ለምን ቆምክ?»

«ወረፋ ነው፣ ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ይጮኻል።