የጓዳ ስንቅና የወር ደመወዝ



ስለ ቁጠባ በተነገረ ቁጥር የብዙዎቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ ባንክና ወደ ቁጠባ ደብተር ነው። ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ቁጠባ ከገንዘብ ቤት በፊት የኖረው በማጀት፣ በጎተራና በጓዳ ነበር። የዛሬው ንግግራችንም ይህ የጓዳ ቁጠባ በአንድ ታላቅ ዘመን ምን እንደ ሠራ፣ ለደመወዝተኛ ቤትም ምን እንደሚያስተምር ለመመልከት ነው።

የጥንቱ ወታደር ከጦር ሠፈር የሚታደለው ቋሚ ቀለብ አልነበረውም፤ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ስንቁን ከቤቱ ይዞ መውጣት ይገባው ነበር። ስለዚህም «ስንቅና ትጥቅ» ተብሎ ሲነገር ስንቅ ይቀድማል። ገብሱ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ፣ በሶውም በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል። ሥጋው ተዘልዝሎ ሲደርቅ ቋንጣ፣ እንጀራው በፀሐይ ሲደርቅ ድርቆሽ ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ብልሃት አንድ ነው፤ ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልምና፣ ውሃው የወጣለት ምግብ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በሶም አስቀድሞ የተቆላ ስለ ሆነ እሳት ሳይፈልግ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ይጠጣል።

የዚህ ሙያ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የታየው በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ ነው። አገሪቱ ከክፉ ቀን ከወጣች ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ስለ ፈጀው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ሕዝቡ በረኃብ ተቀጥቶ ነበር። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ነው እንግዲህ የዘመቻው ስንቅ የተሰናዳው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ጦርነቱ እስከ ተደረገበት እስከ የካቲት 23 ቀን ድረስ አራት ወር ከግማሽ ያህል አለፈ። ወደ 100,000 የሚገመተው ሠራዊት ከቤት የያዘው ስንቅ ብቻውን ይህን ሁሉ ጊዜ ሊበቃው አይችልም፤ በየመንገዱ የተከማቸው እህልና የአገሬው ሕዝብ ቀለብም ተጨምሮበታል።

ይሁን እንጂ በየካቲት ወር ስንቅ በሁለቱም ወገን አለቀ። ጄኔራል ባራቲየሪ የኢትዮጵያ ሠራዊት በረኃብ ምክንያት ይበተናል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ የራሱም ጦር ቀለብ ከምጽዋ ወደብ በረዥም መንገድ የሚጓጓዝ ስለ ሆነ ሊያልቅበት ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከሮማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ሲወቅሰው፣ የጦር አለቆቹም እንግጠም ሲሉት፣ ወደ ኋላ መመለሱን ትቶ ከ17,000 የሚበልጥ ወታደር ይዞ ወደ ዐድዋ ገሠገሠ። የሆነውንም ዓለም ያውቀዋል። ድሉ የጀግኖች ነው፤ ጀግናው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ቆሞ የተገኘው በልቶ ነው።

ይህን ስንቅ ማን አሰናዳው? የኢትዮጵያ ሴቶች ናቸው። በድንጋይ ወፍጮ ፊት ተንበርክከው የፈጩት፣ ከሠራዊቱም ጋር ዘምተው እንጀራ የጋገሩት፣ ውሃና እንጨት የተሸከሙት እነርሱ ነበሩ። የቤት ምግብ ርካሽ ነው ስንል ይህን ድካም ከሒሳቡ ማውጣት አይገባም። ገንዘብ ያልተከፈለበት ሥራ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለምና።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ አስተዳደሩ በየሚኒስቴሩ እየተደራጀ ሲሄድ፣ ቀድሞ በማደሪያ መሬትና በድርጎ ይኖር የነበረው ሹምና ጸሐፊ እየዋለ እያደረ ደመወዝተኛ ሆነ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ያን ጊዜ የከተማው ቤት ከጎተራ ወደ ገበያ ተሻገረ። ወፍጮ ቤትም በየሠፈሩ ሲከፈት ሴቶችን ከድንጋዩ ድካም አሳረፈ፤ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ከድካሙ ጋር አብሮ፣ ለዓመት አስቦ በአንድ ጊዜ የማሰናዳት ልማድ በብዙ ቤት ቀረ።

ዛሬ በየቀኑ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮና ታሽጎ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው፣ ከእህሉ ዋጋ በላይ የወፍጮውን፣ የማገዶውን፣ የመጓጓዣውንና የነጋዴውን ትርፍ ይከፍላል። አተሩንና ሽምብራውን መኸር ከገባ በኋላ፣ ዋጋው ረገብ ባለ ጊዜ ገዝቶ ሽሮውን በቤት ማሰናዳት፣ በርበሬውንም በበጋ ፀሐይ አድርቆ ከጎረቤት ጋር እየተጋገዙ መቀንጠስና መደለዝ፣ ገንዘቡን ከማትረፉም ሌላ ባዕድ ነገር እንዳልተቀላቀለበት ያረጋግጣል። ሁሉም ነገር በቤት ይሠራ ማለታችን ግን አይደለም። ብቻውን ለሚኖር ሰው ለጥቂት እንጀራ ምጣድ ማስጋል ትርፍ ላይኖረው ይችላል፤ ሒሳቡን እያንዳንዱ በቤቱ ይመርምር።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም እኩል ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከቢሮ ደክመው በሚገቡበት ቤት፣ የጓዳው ቁጠባ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ነው። ትርፉ የጋራ እንደ ሆነ ድካሙም የጋራ ይሁን። የዐድዋው ዘማች ስንቁን ያሰናዳችለትን ሴት ውለታ በመንገድ ሁሉ ተሸክሞት ይሄድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከሸክሙ ብንካፈል ውለታውን በከፊል እንከፍላለን።