ሕርጊጎ፦ ከወደቡ ጀርባ ያለች መንደር



የዛሬው ንግግሬ ከምጽዋ በስተደቡብ በባሕሩ ዳርቻ ስለምትገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር ስለ ሕርጊጎ ነው። የቀድሞ የአውሮፓ ጸሐፍት «አርኪኮ» ይሏታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንደሪቱን ለታሪክ ያበቃት ውኃ ነው። የምጽዋ ደሴት ምንጭ ስለሌላት ነዋሪዎቿ የሚጠጡት ከየብስ ይመጣላቸው ነበር። ሕርጊጎ ጉድጓዶች ነበሯት፤ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድም በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። ስለዚህ ደሴቲቱን የያዘ ኃይል ሁሉ ዓይኑን በሕርጊጎ ላይ ይጥል ነበር።

በ1520 ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ሲደርስ፣ መንደሪቱን በባሕር ነጋሹ ሥር አገኛት። በ1557 ኦቶማኖች ምጽዋን ያዙ። ከጊዜ በኋላ ሥልጣኑ ከበለው ወገን ለሆኑት «ናይብ» ለሚባሉት ሹማምንት ተላለፈ፤ መቀመጫቸውም ሕርጊጎ ነበረች። ይሁንና ናይቡም ቢሆን ያለ ደጋው እህል መኖር አይችልም ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የንጉሡን ዕቃ በያዘ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ስንቅ እንደሚያቋርጡበት ቢያስጠነቅቁት ዕቃውን ለቀቀ።

በ1865 ግብፅ፣ በ1885 ደግሞ ጣልያን ምጽዋን ተረከቡ። በ1911 አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በሰዓጢ በኩል ስለወጣ፣ የሲራራው መንገድ ጥቅሙ ቀረ። ለሕርጊጎ መረብና ጀልባ ቀሯት። ሆኖም በ1940ዎቹ ነጋዴው ሳልሕ አሕመድ ኬክያ ትምህርት ቤት አቋቋሙባት፤ በኋላ ከኤርትራ የነጻነት ንቅናቄ መሪዎች አንዱ የሆነው የመንደሪቱ ተወላጅ ዑስማን ሳልሕ ሳቤም በዚያ አስተምሯል።

በ1975 የኢትዮጵያ ጦር በመንደሪቱ ላይ ዘመተ፤ ብዙ ሲቪል ነዋሪዎች ተገደሉ፣ ቤቶች ወደሙ፣ የተረፉትም ተሰደዱ። እኛ በአማርኛ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ዘለን ስለ «ባሕር በራችን» ብቻ ብንናገር፣ በሩን እንጂ ቤቱን አላየንም ማለት ነው።

የቀረጥና የሹመት መዛግብት የሚነግሩን ስለ ገዢዎች ነው። ዓሣ አጥማጁ በእነርሱ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የሚገኘው በተረፉት ሰዎች ትዝታ ነው። እነዚህ አዛውንቶች በየዓመቱ እያለፉ ነውና፣ ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ቃላቸውን ይመዝግብ።