ጋይንት ላይ ያደረው ሰፈር

ባለፈው የበዓል ዕረፍት ስድስት ሆነን ላንጋኖ ወረድን። ድንኳን ሁለት፣ ከሰል አንድ ማዳበሪያ፣ የካምፕ ልምድ ዜሮ። ገና ሻንጣ ሳናወርድ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ግማሾቻችን "ውሃው ዳር" አልን፣ ግማሾቻችን ደግሞ "ኧረ ከፍ ያለው ላይ፣ ዛፉ ሥር"። ውሃ ዳሮቹ አሸነፉና ሌሊቱን ሙሉ ትንኝ ተጫወተብን። ይህ ሳያንስ ከኛ አሥር ሜትር የማይርቁት ጎረቤቶቻችን ስፒከራቸውን ከመኪናቸው አውርደው እስኪነጋ ጨፈሩ። "እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልን" ብሎ እንዲነግራቸው አንዱን ላክን። ቢራ ጋበዙት። ሁለተኛውን ቢራ ሳይጨርስ አልተመለሰም፤ ሙዚቃውም አልቀነሰም።

ከመሃላችን የአንዷ ወላጆች የስማዳ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ ቡና ስንጠጣ "አያቶቼ እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ሲመጣባቸው እህላቸውን ጉድጓድ ቀብረው ከብታቸውን ይዘው ቆላ ይወርዱ ነበር" አለችን። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ ቀልድ አልመሰለንም። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላም ወሬው አልለቀቀንም፤ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባትና ስምንት መቀነሱን ለእናንተ ትተናል።)

እስቲ ከቃላቱ እንጀምር። ሰው ስንተዋወቅ "ሰፈርህ የት ነው?" እንላለን። ሰፈር ማለት የሰፈሩበት ነው፤ ጦር ድንኳን ጥሎ ያረፈበት ቦታ። "ከተማ"ም ያው ነው፤ ከፎቅና ከአስፋልት በፊት የጦር ሰፈር ስም ነበር። ንጉሥ "እዚህ ቦታ ከተመ" ሲባል ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ማዕረጎቻችንም ከዚያው የመጡ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ደጁን ይዞ። እናም አንድ ሰው የቀኝ አዝማች የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ሲኮራባችሁ፣ አያቱ ድንኳናቸውን በየት በኩል ይተክሉ እንደነበር እየነገራችሁ ነው።

ይህን የድንኳን ከተማ ቁጭ ብሎ በደንብ የጻፈልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ውስጥ ነበር። የሚገርመው የድንኳኑ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ዛሬ ከዚህ ተነቅሎ ነገ ሌላ ቦታ ሲተከል መልኩ አይቀየርም። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መኳንንት፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ዳኛው፣ እስር ቤቱ፣ ገበያው ሳይቀር ቦታውን ያውቃል። ታቦቶቹ በካህናት ትከሻ ይጓዛሉ። ከንጉሡ ፊት ፊት ደግሞ በሰንሰለት የታሰሩ አራት አንበሶች ይሄዳሉ። (ለላንጋኖ ጎረቤቶቻችን አንዱ እንኳ በኖረን።)

ማለትም ያ ሕዝብ በየሌሊቱ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምስት ዓመት ኖረን የፊት ለፊቱን ሰው ስም ለማናውቀው ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ቦታ የሚመረጠው በምንድን ነው? ውሃ፣ ለበቅሎና ለፈረስ ሣር፣ ማገዶ፣ ሜዳ፣ ከጠላት ለመጠበቅ ደግሞ ከፍታ። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰፈሩ መክረሚያ ይፈልጋል። በዚህ መመዘኛ የቤጌምድርን ምሥራቅ ስታዩት ምርጫው ከባድ ነው። ከጉና ተራራ (ከ4,000 ሜትር በላይ ነው) ምሥራቁን ይዛችሁ ስትሄዱ ደጋው ሰፊ፣ ሣሩ ጥሩ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስሙ ነፋስ መውጫ ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ከየት ይምጣ? ደቡቡን ይዛችሁ ወደ ስማዳ ስትወርዱ ደግሞ ምድሩ እየተቆረሰ፣ እየተገደለ ሄዶ በሽሎና ዓባይ ላይ ያበቃል። እስቴ ይሻላል፤ ለደብረ ታቦር ቅርብ ነው። ችግሩም ያ ነው፤ ለደብረ ታቦር ቅርብ መሆኑ።

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ራስ ዓሊ፣ ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚያ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ እየመጡ ተቀምጠውባታል። እንግሊዛዊው ጎርደን በ1879 ዐፄ ዮሐንስን ያገኛቸው እዚያው ነው። የመሪዎቹ ስም ይለዋወጣል እንጂ በዙሪያው ያለው ገበሬ ጎረቤቱ ያው አንድ ነው፤ ሰፈር።

አንድ ጨዋታ እዚህ ላይ ካላነሳን አይሆንም። የካቲት 7 ቀን 1842 የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ራስ ዓሊን ገጠሙና አሸነፉ። ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድንኳናቸውን ጣሉ፣ ግብር ገባ፣ ጠጁ ወረደ። ጠባቂ ማቆሙን ማንም አላሰበበትም። የዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ይህን ሰሙና ደርሰው ውቤን ከነድሉ ያዟቸው፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም አብረው ተያዙ። ጠዋት አሸናፊ፣ ማታ እስረኛ! ስፒከር ከፍቶ እስኪነጋ መጨፈር መዘዝ አለው ስንል ማስረጃ ይዘን ነው። (የአራዳው ደጃች ውቤ ሰፈር ባለቤት ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ እንዳትደባልቁ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዚህ አገር ወጣት ቲሸርቱ ላይ የሚያትመው ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እኛም አለን። ቴዎድሮስ ሲነግሡ ካነሷቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ በትክክል ይህ የጎረቤት ጉዳይ ነበር፤ ወታደሩ ገበሬው ቤት እየገባ "አብላኝ አጠጣኝ" ማለቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር ፈለጉ። ለዘመኑ ከባድ ሐሳብ ነው። ወታደር ሲባል በገበሬ ላይ የሚሰፍር ማለት በነበረበት አገር "ከኪስህ ብላ" ማለት የመንግሥትን አሠራር ከሥሩ መገልበጥ ነው።

አልሆነም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አመፁ በዛ፣ ዘመቻው በዛ፣ ግብር የሚከፍለው አገር እየጠበበ ሄደ። በ1866 መጨረሻ ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። በቀጣዩ ዓመት ቤጌምድር በአብዛኛው ሸፍቶ፣ ወታደሩም በየሌሊቱ እየከዳ ነበር። ጠዋት ሲነጋ ባዶ የሆነውን የድንኳን ቦታ አስቡት። በልብነ ድንግል ጊዜ ሁሉም ቦታውን የሚያውቅበት ሰፈር፣ አሁን ጎረቤትህ ዛሬ ማታ ይኖር አይኖር የማታውቅበት ሆነ።

በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘዋል። ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ነው፤ 500 ያህል ሰው ይጎትተው እንደነበር ይነገራል። መንገድ ስለሌለ መንገዱን እየሠሩ ነው የሚሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ጋይንትን አቋርጠው በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር፣ በዘቢጥ አቀበት ወደ ዋድላ፣ ከዚያ የጅዳን ገደል ወርደው ወጥተው ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት 1868 ላይ ነው። ዛሬ ከወረታ ወልድያ የሚወስደውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ በሚኒባስ የሄደ ሰው ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ምን እንደምንል ይገባዋል። መኪናው ራሱ ያቃስታል።

ይህን ጉዞ እስከ ዛሬ ስንሰማው የምንሰማው ስለ ብረቱ ነው። ስለ ፈቃደ ጽናት፣ ስለ ሥልጣኔ ጥማት። እውነት ነው፣ ያስደንቃል። ግን የካምፕ ሰው ዓይን ሌላ ነገር ያያል፤ ይህ ሁሉ ሰው ማታ ምን በላ? የሰፈሩ ሕዝብ ደግሞ ተዋጊው ብቻ አይደለም። በየትኛውም የአበሻ ጦር ከተዋጊው ይልቅ ተከታዩ ይበዛል። እህል የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጠጅና ጋን የሚሸከሙ ሴቶች፣ እንጨት ለቃሚ ልጆች፣ ቄሶች፣ አጋሰሶች። አንድ ከተማ ሙሉ ደጃፍህ ላይ መጥቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሣርህ ያልቃል፣ ቀጥሎ ማገዶህ፣ ቀጥሎ ጎተራህ። እንደ ላንጋኖ እሑድ ማታም ዕቃውን ጠቅልሎ አይሄድም። ጉድጓድ ቆፍሮ እህል መቅበር ለምን ብልሃት እንደሆነ የገባን እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩን የሚያወሳስበው ደግሞ በሌላ በኩል እየመጣ ያለው ሰፈር ነው። የናፒየር ጦር በ1868 መጀመሪያ ከዙላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይጓዛል። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ተከታይ፣ 44 ዝሆን። ይህ ሁሉ አፍ ምን ይዞ መጣ? የማርያ ቴሬዛ ብር። ለገብሱ ይከፍላል፣ ለሣሩ ይከፍላል፣ ለእንጨቱ ይከፍላል። ገበሬውም ሸጠለት። ዝም ብለን ስናስበው ይቆጠቁጠናል። ቴዎድሮስ ሲነግሡ ያለሙትን ነገር፣ ማለትም በገንዘቡ የሚበላ ጦር፣ የቤጌምድርና የዋድላ ሰው የሰማው ሊገድላቸው ከሚመጣው ወገን ነው። ከመሃላችን አንዱ "ታዲያ ገበሬው ከዳ ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። የስማዳዋ ልጅ ተቆጣች። "ማንን ነው የከዳው? መጀመሪያ ማን ቃሉን በላ?" ሁለት ሰዓት ተከራከርን። አልተስማማንም፤ አሁንም አልተስማማንም። አብዛኞቻችን ግን ወደ እሷ አዘንብለናል።

ለእንግሊዞቹ ደግሞ የመልካም ጎረቤት ሽልማት ከመስጠታችሁ በፊት ሲወጡ ያደረጉትን አስታውሱ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 13 ቀን ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ መቅደላ ተዘርፋ ተቃጠለች። የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወጣ። ለሣር የሚከፍል፣ ለብራና ግን የማይከፍል።

የድንኳን ዘመን እዚያው አካባቢ ሌላ ቀንም አይቷል። መጋቢት 31 ቀን 1930 ከጨጨሆ ማዶ፣ አንቺም ሜዳ ላይ የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲገጥሙ አውሮፕላን መጣ። መጀመሪያ ወረቀት በተነ፣ ከዚያ ቦምብ ጣለ። ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። ለሺህ ዘመን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነጭ ድንኳን መትከል ክብር ነበር፤ ከሰማይ ሲታይ ግን ዒላማ ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። እሷም የምኒልክ ሰፈር ነበረች፤ ማገዶዋ ሲያልቅ እንደ ቀድሞዎቹ ተነቅላ ልትሄድ ጥቂት ነበር የቀራት። አዲስ ዓለም የተቆረቆረችው ለዚያ ነው። ባሕር ዛፍ ደርሶ አስቀራት። እኛም ዛሬ በፊታውራሪው፣ በራሱ፣ በደጃዝማቹ ስም በሚጠሩ ሰፈሮች እየኖርን ታክሲ እንጠብቃለን።

ባለፈው ሳምንት ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል አምሳያ ሥር (ዋናው መድፍ መቅደላ ላይ ነው) ታክሲ ስንጠብቅ የስማዳዋ ልጅ ስልኳን አውጥታ መደመር ጀመረች። 500 ጎታች፣ በቀን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ እህል፣ ከጥቅምት 10 እስከ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ወደ 165 ቀን። ከ400 ኩንታል በላይ። ይህ ለጎታቾቹ ብቻ ነው፤ ወታደሩ፣ ሴቶቹ፣ ልጆቹ፣ በቅሎዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ስልኩን አሳየችንና "ከማን ጎተራ?" አለች። ታክሲው መጣ፣ ተጋፍተን ገባን።