ለንቅለ ተከላ የሚለገስ ሳንባን በማይቶኮንድሪያ ከጉዳት የመከላከል ጥረት

ለንቅለ ተከላ ከሚለገሱ የሰውነት ክፍሎች መካከል ሳንባ በቀላሉ ከሚጎዱት አንዱ ነው። ከሟች ለጋሾች ከሚገኙ ሳንባዎች ለሕሙማን የሚውሉት ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ ጉዳት ደርሶባቸዋል በሚል ሳይተከሉ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት ተራቸውን ሲጠባበቁ ሕይወታቸው የሚያልፍ ሕሙማን አሉ።

ጉዳቱ ሳንባው ከለጋሹ ወጥቶ የደም ዝውውሩ ሲቋረጥ ይጀምራል። የባሰው ግን በተቀባዩ ደረት ውስጥ ደም እንደገና ሲለቀቅበት የሚደርሰው ነው። በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የተባሉ ጥቃቅን አካላት፣ ተቋርጦ የነበረው ኦክስጅን በድንገት ሲመለስ ሕዋሱን የሚያቃጥሉ ውህዶችን ይለቃሉ። ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ሳንባውም ፈሳሽ ይቋጥራል። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚታየው ይህ ችግር ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ለሚደርሰው የቅርብ ጊዜ ሞት ዋነኛ ምክንያት ነው።

ጤናማ ማይቶኮንድሪያን ወስዶ ለተጎዳው አካል የመስጠት ሐሳብ በስፋት የተጠናው በአሜሪካ በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል በዶክተር ጄምስ ማካሊ ቡድን ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ውጤት መሠረት፣ ልባቸው በደም እጥረት ለተጎዳ 5 ሕፃናት ከራሳቸው የሆድ ጡንቻ የተወሰደ ማይቶኮንድሪያ ተሰጥቷቸው 4ቱ ከልብና ሳንባ አጋዥ መሣሪያ መላቀቅ ችለዋል። የታካሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ከዚህ ብቻ ተነስቶ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም።

በ2020 ደግሞ ቡድኑ በአይጦች ሳንባ ላይ ባካሄደው ሙከራ፣ ማይቶኮንድሪያው በሳንባ ደም ቅዳ በኩል በመርፌ ወይም በአየር ቧንቧ በኩል በጉም መልክ ሲሰጥ የሳንባው ሥራ መሻሻሉን አመልክቷል። ሁለተኛው መንገድ ለሳንባ ብቻ የተመቸ ነው፤ ሌላ የውስጥ አካል በቀጥታ ከውጭ አየር ጋር የሚገናኝበት እንዲህ ያለ በር የለውም።

ተቃውሞም አልጠፋም። አንዳንድ ተመራማሪዎች በ2018 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በደም ውስጥ ያለው ከፍተኛ የካልሲየም መጠን ከሕዋስ የወጣን ማይቶኮንድሪያ ስለሚጎዳ ሥራውን መቀጠሉ አጠራጣሪ ነው ብለዋል። ተነጥሎ የወጣ ማይቶኮንድሪያ ቶሎ ስለሚበላሽም ወዲያው መሰጠት አለበት።

ለዚህ የሚያመቸው ሳንባን ከሰውነት ውጭ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያስተነፈሰ፣ ፈሳሽም እያዘዋወረ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ስልቱን በስዊድን ሉንድ ፕሮፌሰር ስቲግ ስቲን ያስጀመሩት ሲሆን፣ የካናዳ ቶሮንቶ ሐኪሞች በ2011 ባወጡት ጥናት አጠራጣሪ ከነበሩ 23 ሳንባዎች 20ዎቹ በዚህ መንገድ ተፈትሸው ለሕሙማን ተተክለዋል። ማይቶኮንድሪያ የመስጠቱ ሙከራ በመሣሪያው ላይ በተቀመጡ የእንስሳት ሳንባዎችም ተሞክሯል። ሆኖም በሰው የሳንባ ንቅለ ተከላ መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

ማይቶኮንድሪያን ከመተካት ይልቅ ያለውን መጠበቅ ግን ወደ ሕሙማን ደርሷል። ሳንባ ለረጅም ዓመታት የሚጓጓዘው በበረዶ ሳጥን፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በ2021 በአሳማ ሳንባ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቅዝቃዜው ወደ 10 ዲግሪ ከፍ ሲል የማይቶኮንድሪያው ጤንነት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዘዴው በቶሮንቶ፣ በቪየናና በማድሪድ በ70 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2023 ታትሟል። ሳንባው ረዘም ላለ ሰዓት መቆየት በመቻሉም፣ ሌሊት የደረሰን ሳንባ ሐኪሞች በማግሥቱ በቀን መትከል ችለዋል።