የፍሪሲዮን መንሸራተት
ከመቃጠሉ በፊት ያለው ምልክት

በመኪና ጥገና መመሪያዎች ውስጥ «ክላች ስሊፕ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ይገኛል። በአማርኛ «የፍሪሲዮን መንሸራተት» ብንለው ይስማማል። ፍሪሲዮን ከማርሽ፣ ከካምቢዮና ከፍሬን ጋር ከጣልያንኛ መጥቶ የጋራዥ ቋንቋችን ከሆነ ቆይቷል፤ እሱን መተካት አያስፈልግም። የጎደለን ሁለተኛው ቃል ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው «ፍሪሲዮን ተቃጠለ» ወይም «ሸራው አለቀ» ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት መጨረሻውን ነው። መንሸራተት ግን ከዚያ በፊት ያለውን፣ አንዳንዴ ወራት የሚፈጀውን ሂደት ይጠራል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ለሚሠራ ሾፌር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ኦሞራቴ ላይ ፍሪሲዮን የጨረሰ መኪና ደግሞ መለዋወጫው እስኪደርስለት ቀናት ይቆማል።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት፣ ማለትም ቮላኖው አለ። ፊቱ ላይ ሸራ የለበሰ ዲስክ ይቀመጣል፤ ከኋላው ፕሬዠር ፕሌት የሚባለው ሳህን በብርቱ ስፕሪንግ ዲስኩን ቮላኖው ላይ ይጫነዋል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሦስቱ አብረው ይዞራሉ፤ ሲረገጥ ዲስኩ ነፃ ይወጣል። መኪና ሲነሳ ለአፍታ መንሸራተት የግድ ነው፤ ያለዚያ ዘሎ ይነሳል ወይም ሞተሩ ይጠፋል። በሽታ የሚሆነው እግር ከፔዳሉ ላይ ጨርሶ ተነስቶም ዲስኩ ቮላኖውን መከተል ሲያቅተው ነው። ወደ ጎማ መድረስ የነበረበት ጉልበት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀቱ ሸራውን ያደርቀዋል፣ ፊቱንም ያለሰልሰዋል፣ የለሰለሰው ሸራ ደግሞ ይበልጥ ይንሸራተታል።

የናፍጣ ሞተር ይህን ችግር ቀድሞ ያጋልጣል፤ ጉልበቱን የሚያወጣው በዝቅተኛ ዙር ነውና። በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ዙር አካባቢ ነው። ስለዚህ መንሸራተቱ መጀመሪያ የሚታየው በአንደኛ ማርሽ ሳይሆን በአራተኛና በአምስተኛ፣ ጭነት ተይዞ ዳገት ሲወጣ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የመኪናው ፍጥነት ግን ባለበት ይቀራል። ይህን የጠረጠረ ሾፌር ሜዳና ነፃ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን አንድ ጊዜ እስከ ታች ይርገጠው። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ፍጥነቱን ጥሎ ወደ ላይ ከሮጠ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የእጅ ፍሬን ይዞ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን እየለቀቁ ሞተሩ ይጠፋ እንደሆነ ማየትም የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ የደከመ ሸራ በራሱ በምርመራው ሊቃጠል ይችላል።

መንሸራተትን ከተቃራኒው መለየትም ያስፈልጋል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ የኋላ ማርሽ እየተንገጫገጨ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም፤ አልላቀቅ ብሏል። ያኔ የሚፈተሸው ሸራው ሳይሆን መጀመሪያ የፍሪሲዮን ፓምፑና ዘይቱ ነው።

መንሸራተት በድምፅ ብቻ ሳይሆን በሽታም ይታወቃል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ስለታምና ጉሮሮ የሚከረክር ነው፤ ከወለሉ ሥር፣ ከማርሽ ዘንግ አካባቢ ይመጣል፤ የሚነሳውም ዳገት ላይ ወይም ጭቃ ውስጥ ከታገሉ በኋላ ነው። ከጂንካ ወደ ማጎ ሸለቆ ሲወረድ የሚሸት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሬን ነው፤ የፍሬን ሸራም ሽታው ተመሳሳይ ነውና። ወርዶ መዳፍን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ማስጠጋት በቂ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ መልሱ እዚያ አለ። ሦስተኛው የሽታ ምንጭ የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ረጅም ሣር ነው። ሣሩ ከሥር ተሰብስቦ የጭስ ማውጫው ላይ ሲጠቀጠቅ ይጨሳል፣ እሳትም ያስነሳል። ሣር ውስጥ ሲነዳ የቆየ ሰው ሽታ እንደሰማ ቆሞ ከሥር ማየት አለበት።

ሽታው የፍሪሲዮን መሆኑ ሲረጋገጥ አብዛኛው ሰው ሸራ ለመቀየር ይቸኩላል። እኔ የምለው ለምን እንደተንሸራተተ ሳይታወቅ ሸራ አይቀየር ነው። የቮላኖው ቤት ከታች ትንሽ ቀዳዳ ካለው በዚያ በኩል ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ይታይ። ከተንጠባጠበ ጠብታውን በጣት አሽቶ ማሽተት ነው። ቀጭንና ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥላሸት ቶሎ ይጠቁራልና፣ ያፈሰሰው የሞተሩ የኋላ ዘይት መከላከያ ጎማ ነው። ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ከሸተተ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ጥፋቱም የካምቢዮው የፊት ዘይት መከላከያ ጎማ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ አዲሱም ያው ጎማ ሳይቀየር ከተገጠመ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ዘይት ከሌለ ወደ አነዳዱ እንሂድ። ማጎ ውስጥ ያለው መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ይይዛል፤ የአካባቢው ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በዚያ ጭቃ ወይም በቱርሚ የወንዝ አሸዋ ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን ነዳጅ እየረገጡ መታገል ከምንም በላይ ሸራ ይበላል። መፍትሔው መኪናው ከመያዙ በፊት ፎር ሎው፣ ማለትም ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ ማስገባት ነው። ያኔ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ሁለት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ መኪናውም በዝግታ ስለሚነሳ ዲስኩ ቮላኖውን ቶሎ ይደርስበታል፣ የሙቀቱም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፎር ሎውን ለመጨረሻው ጭንቀት የሚያቆዩ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ዋጋውን የሚከፍለው ሸራው ነው። ዳገት ላይ መኪናን በፔዳል ባላንስ ይዞ መቆምም ያው ጉዳት ነው፤ የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው። እግርን ሁልጊዜ ፔዳሉ ላይ ማሳረፍም እንዲሁ፤ ትንሽ ክብደት ቢሆንም የስፕሪንጉን ጫና ይቀንሳል፣ ዲስኩን የሚያላቅቀውን ኩሽኔታም ያለ ዕረፍት ያዞረዋል።

ወንዝ ሲሻገሩ ማርሽ መቀየር አይገባም። ውኃ ውስጥ ፔዳል ሲረገጥ በዲስኩና በቮላኖው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ጭቃና አሸዋ ያዘለው ውኃ እዚያ ይገባል፣ አሸዋውም ሸራውን ይፍቃል። ከመግባት በፊት በአንደኛ ፎር ሎው ሆኖ እግርን ከፔዳሉ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ነው።

መንገድ ላይ ከሸተተ ቆሞ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ የሚዞረው ቮላኖ አየር እያንቀሳቀሰ ቤቱን ያበርደዋል። ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ መሽተቱ ብቻ ሸራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በአራተኛ ማርሽ የተባለውን ሙከራ ካለፈ መንገዱን ይቀጥላል።

መክፈት የግድ ከሆነ ቮላኖው በደንብ ይታይ። ሰማያዊ ነጠብጣብ ከባድ ሙቀት እንደነበረ ይመሰክራል፤ ቶርኖ ቤት ፊቱ ተስተካክሎ ይመለሳል፣ ጥልቅ ስንጥቅ ካለው ግን ይቀየራል። ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ሥራ ስለሆነ ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ፣ ኩሽኔታውና የዘይት መከላከያ ጎማዎቹ አብረው ቢታዘዙ ይሻላል። ውስጥ የተከማቸው ብናኝ በኮምፕረሰር አይነፋም፤ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ስለነበረባቸው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ ይጣላል።